ግልጽ ደብዳቤ፦ ጥሩ የጣቢያ አዛዥ ሲገኝ ቶሎ አታንሱብን

ይድረስ የጣቢያ አዛዥ ለምትመድቡ፣ ለምትገመግሙና ለምታዛውሩ የፖሊስ አመራሮች

ጤና ይስጥልን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ጥሩ የጣቢያ አዛዥ ስትመድቡልን ቶሎ አታንሱብን። ሰፈሩን የሚያውቅበት፣ ሰፈሩም እሱን የሚያውቅበት በቂ ጊዜ ስጡት። ስትገመግሙትም ስንት ሰው ያዘ፣ ስንት መዝገብ ዘጋ በሚለው ብቻ አይሁን። ነዋሪው ያምነዋል ወይ? ችግር ሲገጥመው ደፍሮ ወደ ጣቢያው ይመጣል ወይ? ይሄም ይቆጠርለት።

ለብዙው ሰው መንግሥት ማለት ጣቢያው ነው። ሚኒስትር በአካል አይተን አናውቅም። ኮሚሽነሩንም የምናየው በቴሌቪዥን ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ተማሪ፣ ባሏ የደበደባት ሴት፣ ከአከራዩ ጋር የተጣላ ተከራይ ግን መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ጣቢያ ነው። እዚያ የሚገጥማቸውን ነገር ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ይሄ ደግሞ ከምንም በላይ በአዛዡ ይወሰናል። አዛዡ ሰው የሚሰማ ከሆነ ተረኛው ይታረማል፣ መርማሪውም ቃል ሲቀበል አይቆጣም። አዛዡ በሩን የሚዘጋ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ ይዘጋል።

ነገሩን በስሜት ብቻ እንዳላቀርበው የአንድ የሩቅ አገር የፖሊስ አዛዥ ታሪክ ላንሳ። ሰውየው ክሪስ ማግነስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ የካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪችመንድን የማውቃት በጎረቤትነት ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ኦክላንድ ኖሬያለሁ። ከኦክላንድ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባርት የሚባለው ባቡር የመጨረሻ ፌርማታው ሪችመንድ ነው። ቅርብ ናት። ያኔ ግን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ማታ ወደዚያ መሄድ አይወዱም ነበር። ሥራ ፈልጎ ለመጣ አዲስ ሰው ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ይሄ ነበር።

ሪችመንድ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካይዘር መርከብ ማምረቻዎች 747 መርከቦችን የሠሩባት ከተማ ናት። ሥራ ፍለጋ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች መጡባት። ጦርነቱ አለቀ፣ ማምረቻዎቹ ተዘጉ፣ ሰዎቹ ግን ቀሩ። የነዳጅ ማጣሪያው አለ፣ ለሁሉም የሚበቃ እንጀራ ግን አልነበረም። ከዚያ ዕፅ መጣ፣ ጠመንጃ መጣ። በሦስት የባቡር ሐዲዶች መሃል የተከበበ አይረን ትራያንግል የሚባል ሰፈር አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ከጨለመ በኋላ ከቤት የማያስወጡበት ሰፈር ሆነ።

ማግነስ በደረሰበት በ2006 መከር ላይ ነዋሪዎች ድንኳን ይዘው ወጡ። ግድያ በበዛባቸው ሰፈሮች መናፈሻ ውስጥ ድንኳን ተክለው ማደር ጀመሩ። ተኩሱ ይቁም፣ ልጆቻችን አይሙቱ ማለታቸው ነበር። አዲሱ አዛዥ የተረከበው እንዲህ የመረረውን ሕዝብ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2007፣ በከተማዋ 47 ሰው ተገደለ። የከተማዋ ሕዝብ 100 ሺህ አካባቢ ነው። ከ2 ሺህ ነዋሪ አንዱ በዓመት ውስጥ ተገደለ እንደማለት ነው።

ማግነስ ነጭ ነው። የመጣው ከፋርጎ ነው፣ በኖርዝ ዳኮታ ግዛት ካለች ብርዳምና ጸጥ ያለች ከተማ። እዚያ ከ1999 ጀምሮ አዛዥ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የሠራው በተወለደባት በላንሲንግ ሚሺጋን ነው። ሥራ ሲጀምር መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ አልነበረም። የድረሱልን ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ነበር። የአምቡላንስ የሕክምና ባለሙያም ሆኖ ሠርቷል። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ጩኸት በጆሮው የሰማ ሰው፣ ሕዝብ ፖሊስን ለምን እንደሚጠራ ያውቃል።

ሪችመንድ ላይ ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። ይሄ ሰው ስለ እኛ ምን ያውቃል አሉ። እሱ ግን ከተማዋ ውስጥ ቤት ገዝቶ ገባ። በዚያ አገር ብዙ ፖሊስ የሚሠራበት ከተማ ውስጥ አይኖርም። ጸጥ ያለ ሰፈር ይኖራል፣ ለፈረቃው በመኪና ይመጣል፣ ሲጨርስ ይሄዳል። አዛዡ ግን ጎረቤት ሆነ።

ከዚያ አሠራሩን መቀየር ጀመረ። ከእሱ በፊት ወንጀል በበዛባቸው ሰፈሮች የሚሰማሩ ልዩ ቡድኖች ነበሩ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ያስቆማሉ፣ ይፈትሻሉ። ማግነስ ይሄ አካሄድ ወንጀለኛውን ከመያዝ ይልቅ ሰፈሩን በሙሉ እያስኮረፈ ነው ብሎ አመነ። የኮረፈ ሰው ደግሞ ምስክር አይሆንም። ግድያ አይቶ አላየሁም ይላል። ስለዚህ ያን አሠራር ትቶ ፖሊሶቹን በሰፈር መደባቸው። አንድ ፖሊስ አንድ ቀጣና ይዞ ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቆያል። የእጅ ስልክ ቁጥሩንና ኢሜይሉን ለነዋሪው ይሰጣል። የዚያ ሰፈር ችግር የእሱ ችግር ነው። የተሰበረ የመንገድ መብራት፣ ባዶ ቤት ውስጥ የሚሰበሰቡ ጎረምሶች፣ ሌሊት የሚጮህ ሙዚቃ፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። የፖሊሶቹን ግምገማና እድገት ከዚህ ሥራ ጋር አያያዘው። ከነዋሪው ጋር ያለህ ግንኙነት ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ የደረጃ እድገት ጥያቄ ሆነ። ይሄን ካላደረጋችሁ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። በስብሰባ ላይ ሕዝቡን ቅረቡ ትላላችሁ፣ ማዕረግ የምትሰጡት ግን ብዙ ላሰረው ነው። ፖሊሱ ሞኝ አይደለም። የሚሸለመው ምን እንደሆነ ያያል።

ውጤቱ ወዲያው አልመጣም። በ2009ም ግድያው በጣም ከፍተኛ ነበር። እዚህ ላይ ነው ቆም ብላችሁ እንድታስቡ የምፈልገው። አራተኛው ዓመት ላይ በቁጥር ብቻ ቢገመገም ኖሮ ማግነስ ይነሳ ነበር። አልተነሳም። በ2013 ቁጥሩ 16 ሆነ። በ2014 ደግሞ 11። ከተማዋ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያላየችው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። በ2015 እንደገና ወደ 21 ወጣ፣ ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም። ግን 21 ማለት 47 አይደለም። በመሃሉ በሕይወት የተረፉ ልጆች አሉ።

ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ሠራው ብል እዋሻለሁ። ከተማዋ በ2007 ከፖሊስ የተለየ አንድ ቢሮ አቋቁማለች። ዴቮን ቦጋን የሚባል ሰው የመራው ነው። የሰፈሩን ታሪክ በራሳቸው ሕይወት የሚያውቁ፣ አንዳንዶቹም እስር ቤት የነበሩ ሰዎችን ቀጠረ። እነሱም ጠመንጃ ወደሚይዙት ወጣቶች ሄደው አናገሯቸው። መንገዳቸውን ለማስተካከል ለተስማሙት የትምህርትና የሥራ ድጋፍ፣ እስከ 1 ሺህ ዶላር የሚደርስ የወር አበልም ይሰጥ ነበር። ቢሮው የወጣቶቹን ምስጢር ለፖሊስ አያቀብልም። እንደማስበው ብዙ የፖሊስ አዛዥ ቢሆን ይሄን እንደ ተቀናቃኝ ያየው ነበር። ማግነስ ግን አልተጋፋውም። አብያተ ክርስቲያናቱ ማታ ማታ በየመንገዱ እየተጓዙ ይጸልዩ ነበር፣ ድንኳን የተከሉት እናቶችም አልተቀመጡም። የአዛዡ አመራር ትልቁ ነገር፣ ለእኔ፣ ለእነዚህ ሰዎች ቦታ መልቀቁ ነው።

ከዚያ መስከረም 2014 መጣ። አንድ የ24 ዓመት ወጣት መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ከ2007 ወዲህ በከተማዋ ፖሊስ ጥይት የሞተ ሰው አልነበረም። ማግነስ ቀብሩ ላይ ተገኘ። ፖሊሱ የሠራው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ገና በምርመራ ላይ ነበር። እሱ ግን ሄዶ ከሐዘንተኞች ጋር ቆመ። በኛ ባህል ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቤተሰቡ በዚህ ተጽናና ማለቴ አይደለም፣ ፍትሕ ፍለጋቸውን ቀጥለዋል። ግን ሟች የሰው ልጅ መሆኑን አዛዡ በአደባባይ መሰከረ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወጣቶች ሰልፍ ወጡ። በሌሎች ከተሞች ፖሊስ የገደላቸውን ጥቁሮች እያሰቡ ነበር። ማግነስ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ከእነሱ ጋር ቆመ፣ የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው የሚል ጽሑፍም ያዘ። ፎቶው አገሩን አዳረሰ። የገዛ ፖሊሶቹ ማኅበር ተቆጣ። የደንብ ልብስ ለብሶ ፖለቲካ ውስጥ መግባት ሕጉ ይከለክላል አሉ። እሱ ደግሞ ይሄ ፖለቲካ አይደለም፣ የሰው ክብር ጉዳይ ነው ብሎ አቋሙን አልለቀቀም። በዚህ ላይ የፖሊሶቹም ክርክር ባዶ አይመስለኝም። ዛሬ የምንወደውን ጽሑፍ የያዘ አዛዥ ነገ የማንወደውን ሊይዝ ይችላል። ቢሆንም ማኅበሩን ፈርቶ ቢሮው ቢቀመጥ ኖሮ ስምንት ዓመት የገነባው ነገር ይሸረሸር ነበር።

ማግነስን መልአክ አድርጌ መሳል አልፈልግም። ገና በጅማሬው ሰባት ከፍተኛ ጥቁር መኮንኖች የዘር አድልዎ አድርጎብናል ብለው ከሰውት ነበር። ክሱ ዓመታት ፈጀ። በ2012 የዳኞች ጉባኤ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በኋላ የቱሳን አሪዞና አዛዥ ሆኖ ሳለ፣ በ2020 አንድ የ27 ዓመት ወጣት በፖሊሶች ተይዞ ሳለ ሞተ። ቪዲዮው ለሁለት ወር ያህል ለሕዝብ ሳይወጣ ቆየ። ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው። ነገሩ ሲወጣ ማግነስ ሥራዬን ልልቀቅ ብሎ ጠየቀ። ከተማዋ አልተቀበለችውም። ያን ቀን ጥያቄውን ያቀረበው ማንም ሳያስገድደው ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሱ አለቆች ሲያደርጉት ብዙ አላየሁም። ከዚያ የአሜሪካ ጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኮሚሽነር ሆኖ በታኅሣሥ 2021 ገባ፣ ዓመት ሳይሞላው ከበላዮቹ ጋር ባለመስማማት ለቀቀ። ትልቁ ወንበር ላይ ብዙ አልቆየም። ስሙ የሚነሳው በሪችመንዱ አሥር ዓመት ነው። ሪችመንድን ሲለቅም የተተካው ምክትሉ የነበረው አልዊን ብራውን ነው። ከተማዋን ከሀ ብሎ መማር የማያስፈልገው ሰው።

ይሄ ነገር በሪችመንድ ብቻ አልታየም። በኒው ጀርሲ ያለችው ካምደንም ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። ስኮት ቶምሰን ከ2008 እስከ 2019 ፖሊሷን መርቷል። በ2012 በካምደን 67 ሰው ተገደለ። በ2013 የከተማዋ ፖሊስ ፈርሶ እንደ አዲስ ተቋቋመ። አዳዲሶቹ ፖሊሶች መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ የየቤቱን በር አንኳኩቶ ራስን ማስተዋወቅ ነበር። በጥቃቅን ጥፋት ብዙ ቅጣት ይጽፋሉ የሚል ወቀሳ ቀርቦባቸው ነበር፣ ቀስ በቀስም አካሄዳቸውን አስተካከሉ። በ2018 ቁጥሩ 22 ነበር። እዚህም አዛዡ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

በኛ አገር ኮሚኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው አሠራር ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀጣና ይዞ የሚሠራ ፖሊስ አለ። ከዕድር፣ ከሽማግሌ፣ ከወጣቱ ጋር የሚደረግ ስብሰባ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እንዲያውም ከሪችመንድ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። እነሱ ድንኳን ተክለው ነው ጎረቤት ከጎረቤት የተዋወቀው። እኛ ድንኳኑም፣ ዕድሩም፣ አስታራቂውም ድሮውኑ አለን። ግን ይሄ ሁሉ የሚሠራው ፖሊሱና አዛዡ ሲታወቁ ነው። አዛዡ ሲነሳ ስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው መረጃ አብሮት ይሄዳል። የትኛው ግሮሰሪ በር ላይ ቅዳሜ ማታ ጠብ እንደሚነሳ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ሴት እንደምትደበደብ፣ ሰፈሩ የማንን ቃል እንደሚሰማ። ይሄ በርክክብ ሰነድ ላይ አይጻፍም።

በደል ደርሶባት ለመክሰስ የምታመነታ ሴት የምትፈልገው የምታውቀው ፊት ነው። ከስንት ጭንቀት በኋላ ለአንድ አዛዥ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪዋ ምስጢሯን ትናገራለች። በሁለተኛው ቀጠሮ ስትመጣ ተዛውረዋል ከተባለች፣ ያንኑ ነገር ለማያውቃት ሰው እንደገና መናገር አለባት። ብዙዎቹ ተመልሰው አይመጡም። መዝገቡ ይዘጋል፣ ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል። ሴትየዋ ግን እዚያው ቤት ናት።

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ቦታ የቆየ አዛዥ ይሞዳሞዳል ትላላችሁ። ከነጋዴው ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ከደላላው ጋር ይወዳጃል፣ በመጨረሻ ሕጉን ለሚያውቀው ሰው ያላላል። ስጋቱ እውነት ነው፣ አላናንቀውም። ግን መፍትሔው ሁሉንም ማዛወር ነው ወይ? ሙሰኛው ሲዛወር ሌላ ሰፈር ሄዶ ይቀጥላል። ደህናው ሲዛወር ሥራው ይፈርሳል። ዝውውር ሁለቱንም እኩል ነው የሚቀጣው። ይልቅ ነዋሪውን ጠይቁ። ማን ጉቦ እንደሚበላ ከሰፈሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ሪችመንድ ውስጥ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚያይ ከነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚሽን አለ። ረጅም ቆይታና ቁጥጥር አብረው ሲሄዱ ነው አዛዡ ሳይባልግ ሥር የሚሰደው።

ደግሞ ሥርዓት በሰው ላይ መመሥረት የለበትም የሚል ክርክር አለ። እስማማለሁ። ግን ሥርዓቱን የሚተክለው ሰው ነው። አንድ ልማድ በጣቢያው ውስጥ እስኪሰርጽ ዓመታት ይፈልጋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ተመልከቱ። የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ይሄን በየቀኑ የሚከታተል፣ ሌሊት እስረኛ ክፍሉን ራሱ የሚያይ አዛዥ ያለበት ጣቢያ ሲውል ሲያድር ሌላ ጣቢያ ይሆናል። ወጣት ፖሊሶቹ ያንን አይተው ያድጋሉ። አዛዡ ገና ሲጀምረው ከተነሳ ግን የድሮው ልማድ በሳምንት ይመለሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። የጣቢያ አዛዥ ከባድ ጥፋት ካልተገኘበት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዓመት ይቆይ። እድገት ሲደርሰው ማዕረጉ እዚያው ይጨመርለት። ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ የገባ ሰው ኮማንደር ሆኖ ያው ሰፈር ቢቀጥል ምን ይጎዳል? መነሳት ካለበት ደግሞ ተተኪው አስቀድሞ ይምጣ፣ ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይሥሩ፣ ነባሩ አዲሱን በየዕድሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየወሰደ ያስተዋውቀው። ግምገማ ሲደርስ ከአለቆቹ ሌላ ነዋሪው ይጠየቅ። ስብሰባ ተጠርቶ፣ አዛዡ ፊት ቁጭ ብሎ፣ እጅ እያወጣን አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ሁላችንም ጥሩ ነው ነው የምንለው። ስም ሳንጽፍ፣ በወረቀት፣ አዛዡ በሌለበት ጠይቁን። እውነቱን እንነግራችኋለን።

ቤተሰቡንም አስቡለት። በትንሽ ደመወዝ፣ በኪራይ ቤት፣ ልጆቹን በየጊዜው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚያዛውር ሰው ሰፈር የለውም። ከሚሠራበት አካባቢ ቤት የሚያገኝበትን መንገድ ብታመቻቹለት ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ፣ ሚስቱ ዕድር ትገባለች። እሱም የሚጠብቀው የራሱን ሰፈር ይሆናል።

በየጣቢያው ሌሊት የሚያነጉ፣ ለምስጋና እንኳ የማንደርስላቸው ጥሩ አዛዦች እንዳሉ አውቃለሁ። ከመካከላቸው ዛሬ የዝውውር ደብዳቤው ጠረጴዛችሁ ላይ ያለ ይኖራል። ከመፈረማችሁ በፊት ሰው ላኩ። የዕድር ዳኞቹን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርት፣ ጉሊት የሚቸረችሩትን እናቶች ያነጋግር። ይቆይልን ካሉ አቆዩልን። ይሂድልን ካሉም ምክንያታቸውን ስሙ።

መልሳችሁን በአደባባይ ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማ ነዋሪ